ማያ ሆኜ የዋልኩበት የሩፋኤል ዕለት

ስለ ጥንቶቹ የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች፣ ስለ ማያዎች ኑሮ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አበሻ በሊንውድ ከተማ ውስጥ የለም። በመላው ሲያትልም ያለ አይመስለኝም። ይህን ስል የሚስቁ ጓደኞች አሉኝ፤ ይሳቁ። እሳታቸው የት እንደሚነድ፣ በቆሏቸው በምን እንደሚዘፈዘፍ፣ ንባቸው በምን ውስጥ እንደሚኖር፣ አያት ሲሞት የት እንደሚቀበር የሚነግረኝ አንድ ሰው ከመካከላቸው ይምጣ። እኔ አውቃለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። በሕይወቴ ሙሉ አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

ይህ ዕውቀቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጣጣ አመጣብኝ። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ እኔው ያስተማርኳትን ይዛ «ትምህርት ቤት አልሄድም» ያለች ጊዜ ነው።

በደሴ ከተማ ሰዓት ሠሪ ነበርኩ። ሙያውን ማንም አላሳየኝም። የሞተ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ፣ ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ አንዲት ጥርስና ሁለት ብሎን ተረፉኝ። እንደገና ፈታሁት። ምንም ሳይተርፈኝ የገጠምኩት ዕለት ሰዓቱ መታ፤ እኔም ያን ቀን ባለሙያ ሆንኩ። ሹሩባ መሥራትንም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። ባለቤቴ ያረፈችው ልጃችን ገና ትንሽ ሳለች ነበር። የጎረቤት ሴቶች «እየመጣን ጠጉሯን እንሥራላት» ሲሉኝ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእኔ ተዉት» አልኳቸው። የመጀመሪያው ሹሩባ እንደ ጅረት ጠማማ ነበር። በዓመቱ ግን የሰፈሩ ሴቶች የኔን ልጅ አቁመው ከኋላ ያዩ ጀመር።

እንግሊዝኛን የያዝኩት ስልሳ ካለፈኝ በኋላ፣ ልጄ ወደዚህ ካመጣችኝ ወዲህ፣ ቱክዊላ ስንኖር በሰፈራችን ላይብረሪ የሕፃናት መደርደሪያ ሥር ተቀምጬ ነው። ትልልቅ ሰዎች ያን መደርደሪያ ይንቁታል። ለልጅ የሚጽፍ ሰው እኮ የሚያወራውን ነገር አጥርቶ ማወቅ አለበት፤ በረጅም ቃል ሊደበቅ አይችልም። ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ እየደረሰ ከላይኛው ረድፍ ጀመርኩ። ዳይኖሰሮችን ጨረስኩ፣ ፕላኔቶችን ጨረስኩ፣ ማያዎች ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ያቆመኝ አንድ ሥዕል ነው። የሣር ክዳን ጎጆ፣ ውስጡ አንዲት ሴት ተንበርክካለች፣ ፊት ለፊቷ እሳት አለ፤ ድስቱ የተጣደው በሦስት ድንጋይ ላይ ነው። ሦስት ጉልቻ! ከውቅያኖስ ማዶ የኖረ ሕዝብ፣ ስለ እኛ ምንም ሳይሰማ፣ ድስት በሁለት ድንጋይ እንደማይቆም ራሱ ደርሶበታል። ማንም ያላስተማራቸው ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘመዶቼ አደረግኳቸው።

የልጅ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን ብዙውን በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ የተናገረችውን በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ትርጉሙ የእኔ ነው፣ ጥሩም ትርጉም ነው። አማርኛ ስትናገርም «አንቱ» ማለት አይሆንላትም፤ «አባባ፣ አንተ» ትለኛለች። ከሌላ ሰው አልቀበለውም ነበር።

እናቷ ሆም ኬር ነው የምትሠራው። የሌሎች ሰዎችን አባቶች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ትደግፋለች። እሷ እስክትመጣ እኔና ልጅቱ ሶፋው ላይ ሆነን ማያዎች ቤት እንገባ ነበር።

«ዛሬ ምን እየሠሩ ነው?» ትላለች፣ እግሯን አጣጥፋ።

«ዛሬ በቆሎ ይፈጫሉ። እናትየው ከሁሉ ቀድማ ተነሥታለች። በቆሎው ኖራ በገባበት ውሃ ተቀቅሎ፣ እዚያው ተዘፍዝፎ ነው ያደረው።»

«ኖራ ምንድን ነው?»

«ግድግዳ የሚቀባው ነጩ ነገር።»

«ግድግዳ ይበላሉ? ግሮስ!»

«አይበሉትም፣ ደግሞ ያጥቡታል። ኖራው ልጣጩን ያላቅቀዋል፣ ሊጡ እንዲያያዝ ያደርገዋል። ዋናው ነገር ደግሞ፣ እንዲህ ያልተዘጋጀ በቆሎ ብቻ ሲበላ የኖረ ሰው ይታመማል። እነሱ ግን ጤነኞች ነበሩ።»

«ማን ነገራቸው?»

«ማንም! እንደ እኔው ናቸው።»

ፈረስና በቅሎ እንዳልነበራቸው፣ ሸክሙን በጀርባቸው አድርገው ማንገቻውን በግንባራቸው ላይ ያሳልፉ እንደነበር የነገርኳት ማታ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን በእናቷ ሻርፕ አስራ ሻርፑን ግንባሯ ላይ አድርጋ ከኩሽና እስከ መኝታ ቤት ተመላለሰች። «አንገቴ ጠነከረ» አለችኝ። ንቦቻቸው እንደማይናደፉ፣ ባዶ ግንድ ውስጥ እንደሚያኖሯቸውና የግንዱን ሁለት አፍ እንደሚደፍኑ ስነግራት አላመነችኝም፤ መጽሐፉን ከፍቼ አሳየኋት። በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ የሽመናውን አንድ ጫፍ ዛፍ ላይ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አስራ፣ ወደ ኋላ እየተለጠጠች ትሸምን እንደነበር ስነግራት ደግሞ የራሷን ወገብ ዳሰሰች።

ቸኮሌት የሚሠራበትን ካካዎ በቃል ማስረዳት አይበቃም ብዬ ነው ያሳየኋት። እነሱ ያለ ስኳር፣ በሚጥሚጣ መሰል ነገር አቃጥለው ነበር የሚጠጡት፤ አረፋ እንዲያወጣ ደግሞ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከከፍታ ያንቆረቁሩታል። ቆሜ አንዱን ኩባያ በራሴ ትክክል፣ ሌላውን በጉልበቴ ትክክል ያዝኩ። ግማሹ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። አረፋው ግን ወጣ፤ ይህን ልጅቱ ትመሰክራለች። ልጄ ማታ ገብታ ምንጣፉን አየችና «አባዬ፣ ቤቱ እኮ የኪራይ ነው» አለች። ማያዎች ምንጣፍ አልነበራቸውም አልኳት።

አንድ ቀን ልጅቱ «አያትየው ሲሞትስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከቤቱ ወለል በታች ይቀብሩታል።»

«ወደ ውጭ አያወጡትም?»

«ብዙ ጊዜ አያወጡትም። እነሱ ከላይ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ እሱ ከታች ሆኖ አብሯቸው ነው።»

ምንጣፉን አየችው። እኔ ወደ ኳስ ጨዋታቸው አለፍኩ።

አሁን ወደ አምስቱ ቀን ልምጣ። የቀን መቁጠሪያቸው ገጽ ላይ የደረስኩ ዕለት ላይብረሪው ውስጥ ጮኼአለሁ። ወሮቻቸው ሃያ ሃያ ቀን ናቸው፤ ሁሉም ሲደመር ግን ዓመቱ አይሞላም፤ መጨረሻ ላይ አምስት ቀን ይተርፋል። ማንም ወር ያልወሰደው፣ ለብቻው የቆመ አምስት ቀን! «ጳጉሜ!» ብዬ ነው የጮኽኩት። የላይብረሪዋ ሴትዮ ከጠረጴዛዋ ብድግ አለችና «ሰር፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደህና ሆኜ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ከካርቶን ሳጥን ላይ ክብ መንኮራኩር ቆርጬ፣ ጥርስ አውጥቼ፣ መካከሉን በሽቦ ወጋሁት። ያለ ማስመሪያ ነው የቆረጥኩት፤ ዓይኔ ማስመሪያ ነው። የወሮቹን ጥርሶች ልጅቱ በየቀለሙ ቀባቻቸው፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ጥቁር አደረግናቸው። ለምን ጥቁር እንደሆኑም ነገርኳት። ማያዎች እነዚያን ቀናት ይፈሯቸው ነበር። ጠጉር አያበጥሩም፣ ገላ አይታጠቡም፣ ከባድ ሥራ አይነኩም፣ ክፉ ነገር እንዳያገኛቸው ከቤት መውጣትን ይሸሻሉ። እሷም መንኮራኩሩን አዙራ አዙራ ጥቁሮቹ ላይ ስትደርስ ጣቷን ታነሣ ነበር።

እንግዲህ በዚያው ዓመት በጸደይ ወደቅሁ። የጭስ አላርሙ ባትሪው አልቆ ጧት ሙሉ «ጢው፣ ጢው» ሲል ዋለ። ሰዓት ሠሪ እንዲህ ያለ ነገር እየሰማ አይቀመጥም። ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ወንበሩ ከዳኝ። አወዳደቅ አውቅበታለሁና የተሰበረው አንድ ጎድንና የእጅ አንጓዬ ብቻ ነው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወለል ላይ አገኘችኝ፤ አምቡላንስም ኮል ያደረገችው እሷ ናት። ክረምቱ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጄ ከቱክዊላ ሦስተኛ ፎቅ ወደ ሊንውድ አዛወረችን። ሥራዋ ስለሚቀርብ ነው። አዲሱ ቤት ምድር ላይ ያለና ደረጃ የሌለው መሆኑ አጋጣሚ ነው።

ልጅቱ አዲስ የምትገባበት ትምህርት ቤት እድሳቱ ስላላለቀ መክፈቻው ተገፍቶ ተገፍቶ ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ዕለት ላይ ዋለ። እኔ እንደ ጥሩ ምልክት አየሁት። የሩፋኤል ዝናብ ከልጅነቴ ጀምሮ አምልጦኝ አያውቅም። ደሴ ሳለሁ ደንበኛ ቆሞ እንኳን ቢሆን ሱቄን ትቼ ወጥቼ እንደ ጸበል እጠመቅበት ነበር። ሲያትልም በዚያ ሰሞን ካፊያ ጣል ካደረገ እወጣለሁ። አንድ ዓመት ቱክዊላ መኪና ማቆሚያው መካከል ባዶ ራሴን ቆሜ ሰማይ ሰማይ ሳይ፣ ጎረቤታችን «ሽማግሌው ቁልፍ ጠፍቶባቸዋል» ብሎ የሕንፃውን ኃላፊ ጠራልኝ። ልጅቱ ይህን ታሪክ ትወደዋለች። ደጋግማ ታስወራኛለች።

በዋዜማው ራት እንደበላን ልጄ ማበጠሪያና ቅባት ይዛ መጣች። «ነይ፣ ለነገ ልሥራሽ» ስትላት ልጅቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ግድግዳውን ተደገፈች።

«ጳጉሜ ነው» አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«እና ጳጉሜ ቢሆንስ?»

«በአምስቱ ቀን ጠጉር አይበጠርም። ከቤት አይወጣም። አዲስ ነገር አይጀመርም። ሶ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። ልጄ ቀስ ብላ ዞረች።

«አባዬ።»

«መጽሐፉ ላይ ያለ ነገር ነው» አልኩ።

«አባዬ፣ ነገ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። እኔ ሳይነጋ ነው የምወጣው፤ የምንከባከበው ሰውዬ ያለ እኔ ከአልጋው አይነሣም። ሌላ ቀን ቢሆን እቀር ነበር።»

«ለእኔ ተይው። በሕይወቴ አሳምኜ ያልጨረስኩት ሰው የለም።»

«እንግዲያው ያሰሩትን ይፍቱት» አለችና ማበጠሪያውን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ የሥራ ልብሷን ልትተኩስ ገባች።

ልጅቱ ከግድግዳው አልተነቃነቀችም። እኔ ከቀላሉ ጀመርኩ።

«እሙዬ፣ የማያዎች አምስት ቀን አሁን አይደለም። እነሱ በየአራት ዓመቱ እንደ እኛ ስድስተኛ ቀን አይጨምሩም። ስለዚህ ቀናቸው እየተንሸራተተ ይሄዳል።»

«አንተ ነህ ‹አምስቱ ቀን የትም አምስቱ ቀን ነው› ያልከው።»

ብያለሁ። በዚያ ሰሞን ደስታው ይዞኝ ብዙ ብያለሁ።

«ደግሞ እኛ ማያዎች አይደለንም።»

«‹ዘመዶቼ ናቸው› ብለሃል።»

እያንዳንዱን ቃሌን አስቀምጣዋለች። እንዲህ ያለ ተማሪ ያለው አስተማሪ ይኩራ ወይስ ይፍራ?

«ትምህርት ቤቱ አዲስ ስለሆነ ፈርተሽ ነው አይደል? ማንንም ስለማታውቂ?»

«ኖ! አየሁት እኮ ከማሚ ጋር። ላይብረሪው ትልቅ ነው። ጓሮው ውስጥ ዶሮዎች አሏቸው። መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ?»

ወደ ክፍሏ ሄዳ የካርቶኑን መንኮራኩር ይዛ መጣችና ፊቴ ቁጭ አለች። ጥቁሮቹን ጥርሶች ወደ እኔ አዞረቻቸው።

«ባለፈው እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ» አለች። «ያኔ ጳጉሜ እንኳን አልነበረም። ዝም ብሎ የሆነ ቀን ነበር። በሩን ስከፍት ወለሉ ላይ ነበርክ። ዓይንህ ተጨፍኖ ነበር።»

«ዐረፍ ብዬ ነው።»

«አባባ፣ አልሰማኸኝም። ጠራሁህ፣ አልሰማኸኝም።» መንኮራኩሩን አጥብቃ ያዘች። «ከወለሉ በታች ሊያደርጉህ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን፣ ከታች ሰዎች አሉ፣ ታዲያ የት ነው የሚያደርጉት ብዬ አሰብኩ።»

ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ዓይኗን ሳይ ሌላ ነገር ሆነ። ይህን ሐሳብ ከጸደይ ጀምራ ብቻዋን ተሸክማዋለች፤ ማንገቻው ግንባሯ ላይ ሆኖ።

ስለዚህ ጥቁሩን ቀን የፈራችው ለትምህርት ቤቱ ብላ አልነበረም፣ ለእኔ ብላ ነበር። የምትቀረው ልትጠብቀኝ ነው። ዶሮዎቹንም ላይብረሪውንም ትታ።

እኔ በቀላሉ ነገር የማይጠፋኝ ሰው ነኝ። ያኔ ግን ሰዓት ፈትቼ ጥርሶቹን ምንጣፍ ላይ በትኜ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ቆይቶ አንድ ነገር መጣልኝ።

«ስሚ» አልኳት። «ቀኑን እኔ እጠብቀዋለሁ። ማያዎች ቤትም ሽማግሌ አለ አይደል? ሽማግሌው ለቤተሰቡ ሁሉ ብሎ አምስቱን ቀን ይቀመጣል። እሱ በደንብ ከተቀመጠ ልጆቹ መውጣት ይችላሉ። ጠጉራቸውንም መሠራት ይችላሉ።»

ቀና አለች። «ይሄ መጽሐፉ ላይ አለ?»

«አዎ» ብል ያልቅ ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ገጹን ስታጣው «ቱክዊላ የቀረው መጽሐፍ ላይ ነው» እላታለሁ፤ እሷም ታምነኛለች። ዓለሙ ሁሉ ቢክደኝ እሷ ታምነኛለች። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ሰዓት ስጠግን የሌለ ጥርስ ጨምሬ አስሬ አላውቅም። እንዲህ ያለው ሰዓት ከሱቁ እስኪወጣ ይሠራል፣ መንገድ ላይ ይቆማል።

«የለም» አልኩ። «መጽሐፉ ላይ የለም። የራሴ ነው።»

«ሶ፣ እነሱ እንደዚያ ያደርጉ እንደሆነ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

በዚያ ቤት ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ምላሴም አልለመደውምና ከበደኝ። ልጅቱ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ መንኮራኩሩን ጭኗ ላይ አስተኝታ ብዙ አሰበች።

«በትክክል ትቀመጣለህ?»

«በትክክል።»

«ወንበር ላይ አትወጣም። ምድጃ አታበራም። የተበላሸ ነገር ብታይ አትነካም።»

«ውሃ ቢጠማኝስ?»

«ውሃ ትችላለህ። ባዝሩምም ትችላለህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ።»

«ከቤት አትወጣም። እስክመጣ ድረስ። ፕሮሚስ?»

«ቆይ፣ ነገ እኮ ሩፋኤል ነው። ዝናብ ቢመጣስ?»

ይህን አላሰበችውም ነበር። የመኪና ማቆሚያው ታሪክ ትዝ እንዳላት ፊቷ ላይ አየሁ። ልትለቅልኝ ፈልጋ ነበር። ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ከቤት አትወጣም» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

«እሺ» አልኩ። «ቃሌ ነው።»

ያኔ ጀርባዋን ሰጥታኝ በሁለቱ ጉልበቶቼ መካከል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጠጉሯ እንደ እናቷ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ማበጠሪያ ይበላል። አንጓዬ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እጄ ቶሎ ይደክመዋል፣ ግን ጣት የለመደውን አይረሳም። ቅባቱን በመስመሩ እየቀባሁ ከግንባሯ ወደ ኋላ ጎነጎንኩት። ራሷ እንደ ዳቦ ይሞቃል። መሀል ላይ ልጄ የተተኮሰውን ልብስ ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ አየችን።

«ቀስ ይበሉላት» አለች። «እኔንማ ዓይኔ እስኪጠብ ነበር የሚጎትቱኝ።»

«አጥብቄ ስለሠራሁሽ ነው ጠጉርሽ እስከዛሬ ያለው።»

«ይሆናል» አለች። ግን አልሄደችም። ጫፉን አስሬ እስክጨርስ ልብሱን እንደያዘች ቆማ ቆየች።

በማግስቱ ጧት ልጅቱ ወንበሬን ራሷ ጎትታ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ቢጫው ባስ የሚቆመው ከመስኮቱ ፊት ነው። ተቀመጥኩ። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ፣ መንኮራኩሩን ጭኔ ላይ አኖረችው። ባሱ ላይ ከወጣች በኋላ በመስታወቱ እጇን አሳየችኝ። ደህና ሁን ለማለት አልነበረም፤ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ «ቁጭ በል» እያለችኝ ነበር።

መቀመጥን የመሰለ ከባድ ሥራ አላየሁም። ሰው ስለማያዎች ሲያወራ የድንጋይ ሕንፃቸውን ያደንቃል። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ የማደንቀው ምንም ሳይነኩ የተቀመጡባቸውን ቀናት ነው። የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ጎማውን መለወጥ ትንሽ ሥራ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ከኔ ዓይን ፊት ወደ ኋላ ቀርቷል! እጄን ከጋቢው ሥር አስገብቼ ያዝኩት።

ከሰዓት በኋላ ገደማ ሰማዩ ዝቅ አለ። መጀመሪያ የመኪኖቹ ጣሪያ ላይ ነጠብጣብ አየሁ። ሲያትል ላይ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚያስፈቅድ ይመስል ዳር ዳሩን ነው የሚመጣው፤ ያን ቀን ግን ወረደ። መሬቱ ሸተተኝ፣ በተዘጋ መስኮት። በዚያው ስልኬ ጮኸ፤ ፌደራል ዌይ የሚኖረው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ነው።

«አየኸው? በሩፋኤል! እኔ አሁን ጨርሼ መግባቴ ነው፣ ሸሚዜን እየጨመቅሁ። አንተስ ደረቅህ?»

«አልወጣሁም።»

«ምን? ታመምክ እንዴ?»

«ተቀምጬ ነው።»

«ተነሣ እንጂ፣ አንተ ሰው! በር ላይ ነው ያለው!»

«አልችልም። ማያ ሆኛለሁ።»

«ልጅህ ቤት ናት?» ብሎ በስጋት ጠየቀኝ። ሳቄን ለመያዝ ስልኩን ዘጋሁ።

በሩ ከወንበሬ ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው። ወጥቼ፣ ራሴን አርጥቤ፣ ገብቼ፣ በፎጣ አድርቄ እንደነበርኩ እቀመጥ ነበር። ማን ያየኛል? ልጄ የምትንከባከበው ሰውዬ ዘንድ ናት፣ ልጅቱ ትምህርት ቤት። ዕድሜዬን ሙሉ ያላመለጠኝ ነገር ከመስታወቱ ማዶ ይወርዳል። የበሩን እጀታ አየሁት። ከዚያ ጭኔ ላይ ያሉትን ጥቁር ጥርሶች አየኋቸው፤ ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቷል፣ አንደኛው ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ አለ። አልተነሣሁም። ዝናቡም እንደ መጣ ሁሉ ቀጠን፣ ቀጠን እያለ ሄደ።

ባሱ የመጣው ካፊያው ሊያባራ ሲል ነው። ልጅቱ ወረደች፤ ሌሎቹ ልጆች ሲሮጡ እሷ አልሮጠችም። የሣሩ መሀል ላይ ቆማ ባዶ ራሷን ወደ ሰማይ ቀና አደረገችና የቀረችውን ካፊያ በሙሉ ተቀበለች። ከዚያ ነው ወደ በሩ የመጣችው።

ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ረገጥ ረገጥ እያደረገች መጣችና ፊቴ ቆመች። መጀመሪያ ፊቴን አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ራሴን ዳሰሰችው፤ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ፣ ቀስ ብላ፣ ሰዓት ሠሪ የተገጠመ ነገር እንደሚፈትሸው።

«ደረቅ ነህ» አለች።

«ደረቅ ነኝ።»

«ዘንቦ ነበር እኮ። ብዙ ዘንቦ ነበር። በክፍሉ መስኮት እያየሁ ‹አሁን ወጣ፣ አሁን ወጣ› እያልኩ ነበር።»

«ትምህርት ቤትስ እንዴት ነበር?»

«ኦኬ ነበር። አንዷ ዶሮ ጭራ የላትም።» ድምፅዋ ተለወጠ። «አባባ፣ ያመለጠችህ የሩፋኤል ዝናብ የለችም ነበር እኮ።»

«አንቺ መጥተሻል» አልኳት። «ይበቃኛል።»

አላመነችኝም፤ ወይም አልበቃትም። ወደ ኋላዬ ዞረች። የሠራሁላት ሹሩባ በዝናቡ አልተፈታም፤ አጥብቄ ነው የሠራሁት። ጫፎቹን በአንድ እጇ ሰብስባ ራሴ ላይ አስጠግታ እንደ ልብስ ጨመቀቻቸው። ውሃው መሀል አናቴ ላይ ወረደ፣ በጆሮዬ አለፈ፣ አንገቴ ውስጥ ገባ፣ ጀርባዬን ይዞ እስከ ወገቤ ሄደ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ትንሽም የቅባት ሽታ ነበረው። ዓይኔን ጨፍኜ ተቀበልኩት።

«አሁን አየህ፣ አላመለጠህም» አለች ከኋላዬ።

ጋቢዬ ረጥቦ ነበር፣ ብርዱም ትከሻዬን ያንቀጠቅጠው ጀምሮ ነበር። እኔ ግን ከወንበሩ አልተነሣሁም። ገና አልፈቀደችልኝም።